ድንጋዩ ስንት ቀን ይቆያል? ባትሪን ለይቶ የመግዛትና ዕድሜውን የማስረዘም መመሪያ

እናቴ የባትሪ ዕድሜ የምትቆጥረው በታቦት ነው። «በሚካኤል ያስገባሁት ለማርያም አለቀ» ትላለች። ከ12 እስከ 21፣ ዘጠኝ ቀን። ባለፈው እንዲሁ ብላኝ አብረን ወደ ጎንደር አራዳ ወጣን። ባለሱቁ ወጣት ነው። ሁለት ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋይ አውጥቶ አስቀመጠላት።

«ይሄ ስንት ቀን ይቆያል ልጄ?»

«እማዬ፣ እሱማ ዓመትም ይቆያል!»

ገዛን። በዘጠነኛው ቀን ሬዲዮው ማቃሰት ጀመረ።

ልጁ አልዋሻትም። ያ ድንጋይ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ዓመትም ከዚያ በላይም ይቆያል። እናቴ የጠየቀችው ግን ሬዲዮዋ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆይበት ጊዜ ነበር። ሁለቱም «ዕድሜ» አሉ፣ የተነጋገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። ባትሪ ላይ የምናወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚባክነው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

መጀመሪያ፦ የትኛውን ዕድሜ ነው የምትጠይቁት?

ባትሪ ሦስት ዓይነት ዕድሜ አለው። አንዱ የመደርደሪያ ዕድሜው ነው፤ ሳይሠራበት ቢቀመጥ ስንት ጊዜ ኃይሉን ይዞ ይቆያል? ሁለተኛው የሰዓት ዕድሜው ነው፤ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ስንት ሰዓት ይዘልቃል? ሦስተኛው ቻርጅ ለሚደረጉት ብቻ ነው፤ እየሞላን እየጨረስን ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ለግድግዳ ሰዓት ስትገዙ የመጀመሪያውን ጠይቁ። ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ ሁለተኛውን። ለስልክ፣ ለፓወር ባንክና መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግለው ትልቁ ባትሪ ደግሞ ሦስተኛውን።

ደረጃ 1፦ ድንጋዩን በኮዱ ለዩት

ማሸጊያው ላይ የተሳለውን እሳትና ነጎድጓድ እለፉትና ድንጋዩ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን ኮድ ፈልጉ። ትልቁ ድንጋይ ላይ «አር20» የሚል ካለ ተራው ዓይነት ነው፤ ዚንክ ካርቦን ይባላል። «ኤልአር20» የሚል ካለ አልካላይን ነው። ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት የምንጠቀምበት ኤኤ ተራው «አር6»፣ አልካላይኑ «ኤልአር6» ነው። ቀጭኑ ኤኤኤ ደግሞ «አር03» እና «ኤልአር03»። ልዩነቱ ከፊት የምትገባው ኤል የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ናት። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ላይ ተራው «6ኤፍ22»፣ አልካላይኑ «6ኤልአር61» ነው።

«ሄቪ ዱቲ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያታልላል። ጠንካራ፣ ለከባድ ሥራ የተዘጋጀ ይመስላል። ይህ ስም ያለባቸው ድንጋዮች ግን የተራው ወገን ናቸው። ከቀድሞው ተራ ድንጋይ ትንሽ ይሻላሉ፣ ከአልካላይን ግን ያንሳሉ። ስሙ የወጣላቸው አልካላይን ገበያውን ሳይዝ በፊት ስለሆነ እንጂ ዛሬ ከሌላው ስለሚበልጡ አይደለም።

ተራው ድንጋይ ለምን ቶሎ ያልቃል? ዙሪያውን ያለው ቆርቆሮ ዚንክ ነው። ቆርቆሮው ማሸጊያ ብቻ አይደለም፣ ነዳጁም እሱ ራሱ ነው። ድንጋዩ ኃይል በሰጠ ቁጥር ቆርቆሮው ከውስጥ እየተበላ ይሳሳል። በመጨረሻ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈስሳል። አሮጌ ሬዲዮ ሲከፈት ያ ዝገትና ዝቃጭ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ልጆች ሳለን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። በጥርስም እንነክስ ነበር። ደግሞም ይሠራል! ሙቀቱ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ ንክሻውም የተራራቀውን ያቀራርበዋል። የሚገኘው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። በለውጡ የሳሳውን ቆርቆሮ እናፈነዳዋለን፣ ሬዲዮውን እናበላሻለን። አፍ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ጭራሽ! ልጆቻችሁ ሲነክሱ ካያችሁ ከልክሏቸው። ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄትም ማንጋኒዝ አለበት፤ እየተነፈሱት የሚጫወቱበት ነገር አይደለም።

አልካላይን ውስጡ በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ዚንኩ ዱቄት ሆኖ መሐል ላይ ነው ያለው፤ የውጭው ብረት አይበላም። ስለዚህ ብዙ ይይዛል፣ ኃይል ሲጠየቅም ቶሎ አይደክምም። ሳይነካ ቢቀመጥ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ተራው 2 ወይም 3 ዓመት ነው።

ደረጃ 2፦ ከዕቃው ጋር አዛምዱት

ሁልጊዜ አልካላይን ግዙ አልላችሁም። የግድግዳ ሰዓት የሚወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ተራው ድንጋይ ዓመት ሊያሠራው ይችላል። ሪሞትም እንደዚያው ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ አታባክኑ፤ ብቻ በዓመት አንዴ ሳይፈስስ ቀይሩት።

ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪና የልጆች መጫወቻ ግን ብዙ ይጠጣሉ። ተራው ድንጋይ ብዙ ሲጠየቅ ከያዘው ውስጥ ከፊሉን ሳይሰጥ ነው የሚደክመው። ለእነዚህ አልካላይን ያዋጣል።

ቤታችሁ የደም ግፊት መለኪያ ያለው አዛውንት ካለ እዚያ ውስጥ አልካላይን አድርጉ። መለኪያው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ለመንፋት ሞተር ያስነሳል። የደከመ ድንጋይ ላይ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል ወይም ስህተት ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ መቆጠብ ተገቢ አይመስለኝም።

በየሳምንቱ ድንጋይ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ፈልጉ። መልኩ እንደ ኤኤ ነው፤ ላዩ ላይ ግን 1.2 ቮልት ይላል። በደንብ ከተያዘ ብዙ መቶ ጊዜ ይመላለሳል። ቻርጀሩን የራሱን ግዙ። ተራ ድንጋይ ወይም አልካላይን እዚያ ቻርጀር ላይ እንዳታደርጉ፤ ሊፈስስ፣ ሊፈነዳም ይችላል።

አሮጌና አዲስ ድንጋይ አታደባልቁ። ተራና አልካላይንም አታደባልቁ። ብርቱው ደካማውን እስኪያልቅና ከዚያም አልፎ ይገፋዋል፤ ደካማው ይፈስሳል። ሲለወጡ አብረው ይለወጡ።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ሥሩ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። የአራተኛ ክፍል ማካፈል ብቻ ነው።

የባትሪ መያዣ መጠን የሚለካው በሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ «ኤምኤኤች» ብለው ይጽፉታል። ዕቃው የሚወስደው በሚሊአምፔር ነው። መያዣውን ለሚወስደው ስታካፍሉ ሰዓቱ ይመጣል።

የእናቴን ሬዲዮ እንውሰድ። ፍላሽም የሚቀበል፣ ድምፁ ትልቅ የሆነ ዓይነት ነው። በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ስለካው እሷ በምታዳምጥበት ድምፅ ወደ 100 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ተራ ትልቅ ድንጋይ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ወደ 4,500 ይሰጣል እንበል። 4,500 ለ100 ሲካፈል 45 ሰዓት። እሷ በቀን 5 ሰዓት ታዳምጣለች። 45 ለ5 ሲካፈል 9 ቀን። ከሚካኤል እስከ ማርያም!

ድንጋዮቹ ሁለት መሆናቸው ሰዓቱን በእጥፍ አያሳድገውም። ተከታትለው የሚገቡ ድንጋዮች ቮልቱን ነው የሚደምሩት። ሁለቱም እኩል ይሠራሉ፣ እኩል ያልቃሉ።

አሁን አልካላይን እናስገባ። ትልቁ አልካላይን 12,000 ገደማ ቢሰጥ 120 ሰዓት ይሆናል። በቀን 5 ሰዓት 24 ቀን። ከሁለት እጥፍ ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። እንግዲህ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋውን ጠይቁ። አልካላይኑ የተራውን ሁለት እጥፍ ተኩል የማይሞላ ከሆነ አልካላይኑ ርካሽ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተራው ያዋጣል፤ እሱንም ከመፍሰሱ በፊት ማውጣት ነው። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ምንም አያስከፍልም፣ ሬዲዮው የሚወስደውን ግን በብዙ ይቀንሳል። እናቴን ይህን ማሳመን ግን አልቻልኩም፤ ጎረቤቷ እትዬም አብራ መስማት አለባት።

ደረጃ 4፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ቀኑን አንብቡ። ከታች ወይም ከጎን ላይ ወርና ዓመት አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ከእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል።

በእጃችሁ መዝኑት። አልካላይን ኤኤ ወደ 23 ግራም ይመዝናል፤ ተራው ከዚያ ይቀልላል። አልካላይን ተብሎ ላባ የሚያህል ከሆነ ተጠራጠሩ።

አልካላይን ላይ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ጠረጴዛ ላይ ከሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ከፍታ በቁሙ ልቀቁት። አዲሱ ዱብ ብሎ ይቀራል። የተሠራበት ይነጥራል። ውስጡ ያለው ዚንክ ሲበላ ከሙክነት ወደ ድርቀት ስለሚሄድ ነው። ግን የነጠረ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ግማሹ ሳያልቅም መንጠር ሊጀምር ይችላል። አዲስ አለመሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

መልቲሜትር ያለው ሰው ይለካው። አዲስ አልካላይን 1.5 ወይም 1.6 ቮልት ያሳያል። 1.3 ላይ ብዙ ሄዷል። ከ1 በታች አበቃ። ሬዲዮ ያቃተውን አትጣሉት። ሰዓትና ሪሞት ላይ ገና ወራት ሊሠራ ይችላል።

በግንባር የሚታሰሩትና ቻርጅ የሚደረጉት የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ወፈር ያለ ድንጋይ 18650 ይባላል። ቁጥሩ መጠኑ ነው፤ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65። 3.7 ቮልት ሊትየም ነው። ላዩ ላይ 6,000 ወይም 9,900 የሚል ካያችሁ አትመኑ። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባሉት የሚይዙት 3,500 ገደማ ነው። ክብደቱም ከ45 ግራም ወዲህ አይወርድም። አንዱን ገዝቼ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነበር። ፎርጅዱ ማለቁ ብቻ ሳይሆን መከላከያ ስለሌለው መጋሉም ያስፈራል።

ደረጃ 5፦ ስልክና ፓወር ባንክ

የስልክ ባትሪ ሊትየም አዮን ነው። አብዛኛው ከ300 እስከ 500 ሙሉ ዙር ከተመላለሰ በኋላ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። አንድ ዙር ማለት መቶ በመቶ መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አንድ ዙር ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ መሙላት አይጎዳውም። «ጨርሶ ካልሞተ አትሙላው» የሚለው ምክር ለድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ነበር። ሊትየምን የሚጎዳው ዜሮ ላይ ማደር፣ መቶ ላይ ለቀናት መሰካትና ሙቀት ነው። ከ20 እስከ 80 መሐል ብታመላልሱት ዕድሜው ይረዝማል። ግን መብራት ሊሄድ ይችላል ብላችሁ ከፈራችሁ መቶ አድርሱት። ባትሪው እናንተን ሊያገለግል ነው የተገዛው።

ፓወር ባንክ ስትገዙ ቁጥሩን በሌላ መንገድ አንብቡ። 10,000 የሚለው በ3.7 ቮልት ነው። ስልክ የሚሞላው በ5 ቮልት ነው። 10,000 በ3.7 ሲባዛ 37,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ማለትም 37 ዋት ሰዓት ነው፤ 37,000 ለ5 ሲካፈል 7,400። የሚባክነው ሲቀነስ 6,000 ወይም ትንሽ በለጥ ያለ በእጃችሁ ይገባል። ባለ 5,000 ስልክን አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ሁለት ጊዜ አይሞላም። ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ፣ የሒሳቡ ጉዳይ ነው።

ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የምትሄዱ ከሆነ ፓወር ባንኩ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ይታለፋል፤ ባለ 20,000 74 ነው።

ያበጠ የስልክ ባትሪ አያሳዝናችሁ። አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። አውጡና አስለውጡት። ትራስ ሥር ስልክ ቻርጅ ማድረግም ይቅር።

ደረጃ 6፦ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ትልቁ ባትሪ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘቡ ብዙ ነውና።

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ ማለትም የመኪናው ዓይነት፣ በጣም አሮጌ ዕውቀት ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሠራው እዚህ አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ ገና 4 ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ ጠባዩ ተጠንቶ አልቋል። የሚሞተውም ሁልጊዜ በታወቁ ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ለማይሆን ሥራ መግዛቱ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ሞተር ለማስነሳት ነው። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስ ናቸው። ቤት አምጥታችሁ ማታ ማታ እስኪያልቅ ብትጠቀሙበት በጥቂት ወራት ይሞታል። ለኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት ለሚቀይረው መሣሪያ፣ «ዲፕ ሳይክል» የሚባለውን ጠይቁ፤ ጄልም ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ወፍራም ነው።

ሁለተኛው እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው። የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች አታውርዱት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የምንቆጥረው ግን 600 ነው። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስንቀንስ 500 እንበል። ቴሌቪዥን 60 ዋት፣ ሦስት አምፖል 27፣ ዋይፋይ 10። ወደ 100 ዋት ገደማ ነው። 500 ለ100፣ አምስት ሰዓት። ለአንድ ማታ ይበቃል። ምጣድ ግን አትሰኩ! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ይህን ለማውጣት ወደ 290 አምፔር ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩ ወይ ይዘጋል ወይ ይቃጠላል።

ግማሹን በምን አውቃለሁ? ባትሪውን ለጥቂት ሰዓት ሳትጠቀሙበት፣ ሳትሞሉትም አሳርፉትና በመልቲሜትር ለኩት። 12.6 ወይም 12.7 ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ። 12.2 ግማሽ። 12.0 ሩብ። 11.8 ላይ አልቋል፣ ጉዳትም ጀምሯል።

ሦስተኛው ምክንያት እኛ አካባቢ ብዙ ባትሪ የሚገድል ይመስለኛል። ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ10 አምፔር ሲሞላ ግማሹን ለመመለስ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚሞላ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። መብራት ሦስት ሰዓት መጥቶ ከሄደ ባትሪው ሳይጠግብ ነው ያደረው። በማግስቱም እንዲሁ። ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ድርቅ ያለ ነጭ ጨው ይጋገራል። አንዴ ከጠነከረ አይለቅም። በሁለት ዓመት የሚጠበቀው ሞት በስምንት ወር ይመጣል። መፍትሔው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ጨርሶ እስኪሞላ መተው ነው። የሶላር ፓነል ማገዝ ከቻላችሁ የበጋው ፀሐይ ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ የምትገዙና አቅሙ ያላችሁ ከሆነ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን አስቡበት። ለመግዛት ውድ ነው። ግን 80 በመቶውን መጠቀም ይቻላል። ግማሽ ላይ ቢያድር አይከፋም። የሚመላለሰውም 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ነው፤ የእርሳሱ ግን እስከ ግማሽ እየተወሰደ ጥቂት መቶ ዙር ነው። እንደኛ መብራት መጥቶ ለሚሄድበት ከተማ፣ በእኔ ግምት፣ ይኸኛው ይሻላል። ቻርጀሩና ኢንቨርተሩ ለእሱ የሚስማሙ መሆናቸውን ብቻ አረጋግጡ።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ካላችሁ በወር አንዴ ክዳኑን ክፈቱ። ሰሌዳው መሸፈን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለበት አይሆንም። አሲድ አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው። ባትሪው ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል። አየር የሚገባበት ቦታ አስቀምጡት። ቡና ከምታፈሉበት ከሰል፣ ከጧፍና ከሻማ ይራቅ። አሲዱ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። ዓይን ከገባ ቢያንስ 20 ደቂቃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ደረጃ 7፦ ቆላና ደጋውን አስቡ

የጎንደር ልጆች ይህን ለመረዳት የተለየ ዕድል አለን። ከተማችን 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ወይና ደጋ። በአንድ ቀን መንገድ ወደ መተማ ብንወርድ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ በጋ አለ። ወደ ደባርቅና ስሜን ተራሮች ብንወጣ ውርጭ አለ። ባትሪ ሦስቱም ቦታ የተለያየ ዕድሜ አለው።

ሙቀት ኬሚካሉን ያፈጥነዋል። ለእርሳስ ባትሪ የታወቀው ልማድ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል የሚል ነው። በ25 ዲግሪ 4 ዓመት የሚኖረው በ35 ዲግሪ 2 ዓመት ነው ማለት ነው። መተማ በኩል ገንዳ ውሃ ከተማ ያለ ዘመዳችሁ ባትሪው ቶሎ ሞተብኝ ቢላችሁ ተበላሽቶ የተሸጠለት ላይሆን ይችላል። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያድርገው። ስልክ መኪናው ፊት ለፊት መስተዋት ሥር አይቀመጥ። ትርፍ ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ይውረድ።

ብርድ ደግሞ ባትሪውን ያደነዝዘዋል እንጂ አያስረጀውም። ዜሮ ዲግሪ ላይ የእርሳስ ባትሪ ከሚይዘው ወደ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል። አልካላይንም ይደክማል። ስሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር አድረው የሚነሱ መንገደኞች ጠዋት ካሜራቸው ሞቶ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ድንጋዩን ደረት ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ። ሲሞቅ ኃይሉ ይመለሳል። ሊትየም ባትሪን ግን ከዜሮ በታች ቻርጅ አታድርጉ። ሲሠራ አይጎዳም፣ ሲሞላ ነው ለዘለቄታው የሚጎዳው። መጀመሪያ ይሙቅ።

ጎንደር ላይ ያለነው ለባትሪ የተመቸ አየር አለን። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ እርጥበቱ ይጎዳዋል። ከፀሐይ የራቀ ደረቅ መሳቢያ በቂ ነው። ሳንቲምና ቁልፍ አጠገብ አይሁን።

ደረጃ 8፦ አደጋውን አትናቁ

ክቧ፣ ሳንቲም የምትመስለው ሲአር2032 ከሁሉም ታስፈራኛለች። 3 ቮልት ናት፤ የመኪና ሪሞትና የስኳር መለኪያ ውስጥ ትገባለች። ሕፃን ቢውጣትና ጉሮሮው ላይ ብትቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ያለቀችውም ያው ናት። ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ። በዚያው ደቂቃ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ፤ ባትሪ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩ።

አልካላይን ፈስሶ ነጭ ነገር ከጋገረ በጓንት አውጡት። ትንሽ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በጥጥ ነክራችሁ ጥረጉ፣ አድርቁት። ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ይድናል።

ያለቀ ድንጋይ እሳት ውስጥ አይጣል፣ ይፈነዳል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ቤት አይከፈት። እርሳስ ለልጆች አእምሮ መርዝ ነው። ሳይነካ እንዳለ ለሚገዛ ሰው ይሰጥ፤ ዋጋም ያወጣል።

የመጨረሻው ሥራ፦ ቀን ጻፉበት

ድንጋይ ባስገባችሁ ቁጥር ቁራጭ ፕላስተር ዕቃው ጀርባ ላይ ለጥፉና ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ ዋጋውን ጻፉ። ሲያልቅ ያለቀበትን ቀን ከጎኑ ጻፉ። ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁ የትኛው ድንጋይ ለየትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣ ቤታችሁ ውስጥ የተሠራ መልስ አላችሁ። የእናቴ ሬዲዮ ጀርባ ላይ «የኅዳር ሚካኤል፣ አልካላይን» የሚል ተለጥፏል። ትናንት ስጠይቃት ማርያም አልፋለች፤ ድምፁም አልቀነሰም።